ማሽኑ ያልጻፈው ሙከራ

በትምህርት ቢሮው፣ ሰርቨር የምንለው ዋናው ኮምፒውተር ባለበት ክፍል፣ አራት ነበርን። የኮምፒውተር ባለሙያው ከማሽኑ ፊት ቆሟል፤ የሥራ ሂደቱ አስተባባሪ በሩ ላይ ናቸው፤ ከጉኑኖ የመጣችው መምህርት መስኮቱ ሥር፤ እኔ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፣ ከመደርደሪያው አጠገብ። ወንበሩ አንድ ስለ ነበር ማንም አልተቀመጠበትም።

መምህርቷ የመጣችው ለዝውውር ነው። እናቷ ሶዶ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ዓይናቸው ማየት ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው። ማመልከቻዋን የወረዳው ጸሐፊ በመጨረሻው ቀን ሦስት ጊዜ ልኮት ነበር። ሦስቱንም ጊዜ የሰርቨሩ ፕሮግራም ከወረዳው መልስ ሲጠብቅ ጊዜው አልፎበት አቋረጠ። በእኛ ቢሮ አሠራር እንዲህ ያለ ሙከራ በሰርቨሩ ሎግ ላይ ከታየ፣ ማመልከቻው በጊዜው እንደ ደረሰ ይቆጠራል። ካልታየ ዓመት መጠበቅ ነው።

ሎግ የምንለው ማሽኑ ራሱ የሚጽፈውን መዝገብ ነው። የወረዳዎቹ የኢንተርኔት መስመር ደካማ ስለ ነበር በየደቂቃው «ጊዜው አለፈ» እያለ ይሞላው ነበር። እኔ አርብ አርብ አትሜ፣ ገጹን ቆጥሬ በፋይል አስር ነበር። አንድ ሳምንት ወረቀቱ በክንዴ አልታቀፍ አለኝ። የባሰው ግን በሳምንታዊው ግምገማ እያንዳንዱ «ጊዜው አለፈ» እንደ አንድ ስህተት ይቆጠርብን ነበር። ባለሙያው በስብሰባው ላይ፣ «ከሁላችን አብልጦ ግለ ሂስ የሚያወርደው ይሄ ማሽን ነው» ብሎ አሳቀን። አስተባባሪው አልሳቁም። ቁጥሩ ይቀንስ አሉ።

ባለሙያው መጀመሪያ ፕሮግራሙ የሚጠብቅበትን ጊዜ አራዘመ። አንዱን ወረዳ ሲጠብቅ ሌሎቹ ሁሉ ቆሙ፤ ወደ ነበረበት መለሰው። መስመሩን ማስተካከል በእጃችን አልነበረም። የቀረው ማሽኑ ያንን መልእክት ጭራሽ እንዳይጽፍ ማድረግ ነበር። አስተባባሪው እኔንም ጠየቁኝ። ወረቀቱ በዝቷል አልኩ፤ ሌላ አልጨመርኩም። በሚቀጥለው ግምገማ ክፍላችን ተመሰገነ። የመምህርቷ ማመልከቻ የመጨረሻ ቀን የዋለው ከዚያ በኋላ ነው።

ባለሙያው የዚያን ቀን ሎግ በስክሪኑ ላይ ከፈተ። ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ እንደገና አነበበ። መምህርቷ ጸሐፊው ሲልክ አጠገቡ ቆማ እንዳየች ነገረችን። ማናችንም አልተጠራጠርናትም። አስተባባሪውም አምነዋት፣ ዝውውሩን ለሚወስነው ኮሚቴ ግን የሚያሳዩት እንደሌላቸው ዝቅ ባለ ድምፅ ነገሯት። ባለሙያው ያልተጻፈ ነገር ተፈልጎ እንደማይገኝ አስረዳት።

ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ እርስዎ ጋ ወረቀት አይጠፋም ይላሉ።»

የዚያን ሳምንት ፋይል አውጥቼ ሰጠኋት። ሁለት ገጽ ነበር። ጀርባውንም ገልብጣ አየችው።

«ይቺው ናት?»

«ይቺው ናት።»

«የበፊቱም እንዲህ ቀጭን ነበር?»

«አልነበረም» አልኳት። «እንዲቀንስ ያደረግነው እኛ ነን። እኔም ተስማምቼ ነበር።»

ወረቀቶቹን አስተካክላ መለሰችልኝ። በሚቀጥለው ዓመት ማመልከቻው የሚከፈተው መቼ እንደ ሆነ ጠየቀች። አስተባባሪው ወሩን ነገሯት፤ እጇ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችው።

«ለእናቴ ዛሬ ምን ልበላቸው?» አለች። ማንን እንደ ጠየቀች አላወቅንም።

ባለሙያው ስክሪኑን አየ። አስተባባሪው በሩን ለቀቁላት፤ እሷ ግን ከመስኮቱ ሥር አልተንቀሳቀሰችም።

ፋይሉን ብብቴ ሥር አድርጌ ወጣሁ።