የጀልባው ቀለም

ሟቹ ባለቤቴ ጀልባ ሠሪ ነበር። ከሥራው የተረፈውን ቀለም ወደ ቤት ያመጣዋል፤ የጣና ውሃ ያልበገረውን ቀለም ዝናብ ምን ያደርገዋል እያለ የግቢውን በርና መስኮት ሁሉ ሰማያዊ ቀባው። እኔም ጎረቤት ባየው ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር።

ዘንድሮ ኢድ ሲቃረብ ቀለሙ ተቀርፎ አስጠላኝና የማከራየውን ክፍል መስኮት በብርጭቆ ወረቀት አስፋቅሁት። ተከራዬ ከቁንዝላ የመጣች ልጅ እግር ናት፤ ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከሴት ልጇ ጋር ብቻዋን ነው የምትውለው። ሕፃኗ መስኮቱ ሥር ቆማ ቅርፊቱን እየለቀመች ትበላለች። እናትዮዋ ብትጨነቅ፣ ወስፋት ነው፣ ልጅ ሁሉ አፈር ያምረዋል አልኋት። ሳይጠሩኝ አቤት ማለት መቼም ልማዴ ነው!

ከዚያ ልጅቱ ሆዷን ያማት፣ ምግብ እምቢ ትል ጀመር። ሐኪም ቤት አብሬያቸው ሄድሁ። ሐኪሙ ምን እንደምትበላ ጠየቀ፤ የቀለሙን ነገር ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠ። እንዲህ ያለ የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባል መርዝ ሊኖርበት እንደሚችል፣ ቅርፊቱም አቧራውም የሕፃን አእምሮ እንደሚጎዳ አስረዳን። ደሟ አዲስ አበባ ተልኮ እስኪመረመር ከዚያ ቤት ትውጣ አለ። ክው አልሁ።

ባጃጅ ውስጥ እናትዮዋ ልጇን አጥብቃ ይዛ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። ብትሰድበኝ በወደድሁ። ያ አላህ፣ የሰው ልጅ በእጄ ላይ ልትጠፋ ነው እያልሁ እስክንደርስ ዱዓ አደረግሁ። እንደደረስን ወደ እኔ ቤት አስገባኋቸው፤ አልጋዬንም ለቀቅሁላቸው። እኔ ደግሞ የእነሱን ክፍል ወለል አቧራው እንዳይነሳ በእርጥብ ጨርቅ ስወለውል ቆየሁ።

ስመለስ እናትዮዋ ደክሟት አሸልባለች። ልጅቱ አልጋው ላይ ወጥታ መስኮቴን በጥፍሯ ትቧጥጣለች። ከንፈሯ ላይ ሰማያዊ ስባሪ አየሁ። በጣቴ ከአፏ እያወጣሁ ስጮህ እናቷ ባንና ተነሳች፤ መስኮቱን አየች፤ እኔን አየች።

«እማማ፣ የእርስዎም ቤት የተቀባው በዚያው ነው?»

«በዚያው ነው ልጄ» አልሁ።

ልጇን አቅፋ ወጣች። ተከትያት ወጣሁ። ከሐይቁ በኩል ዝናብ እየመጣ ነበር፤ ሦስታችንም ግቢው መሃል ቆምን፤ የምንገባበት ቤት አልነበረንም።