ሰመጠ የተባለው ቤተ መጻሕፍት

ሰበታ፣ ከንጋቱ 11፡30

ሚኒባሱ ውስጥ ወደ ፋብሪካ የሚገቡ ሴቶች ምሳ ዕቃቸውን አቅፈው ያንቀላፋሉ። እኔ እንቅልፍ የለኝም። ሱሉልታ ኮሌጅ የምትማረው ልጄ እሁድ ዕለት፣ "ቤተ መጻሕፍታችን መሠረቱ ሰምጧል ተብሎ ሊፈርስ ነው" ስትል አባቴ መብላቱን አቆመ። ያንን ቤት በወጣትነቱ የገነባው እሱ ነው፤ ያኔ የወተት ላሞች በረት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስደውልለት "የኔ መሠረት አይሰምጥም" ከማለት በቀር ሌላ ወሬ የለውም። ዛሬ ይዤው ልሄድ ነው።

ቡራዩ፣ 1፡40

አባቴ የክት ኮቱን ለብሶ በር ላይ ይጠብቀኛል። መጀመሪያ ግን የሕንፃ ዕቃ ሱቅ ካልገባን አለ። ባለሱቁ ሐጂ ከድር የቆየ ወዳጁ ነው።

"አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ገመቹ። በኮት ነው የውሃ ጎማ የሚገዙት?"

"ውስጡ የሚታየውን፣ ነጩን ስጠኝ።"

"ሥራ አቁመው የለ እንዴ?"

"እኔ አቁሜያለሁ። ቤቱ አላቆመም።"

ዋጋው ዓይን ያወጣ ነበር፤ አባቴ ግን አልተከራከረም። እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

ሱሉልታ፣ 4፡00

በአዲሱ ገበያ በኩል ዳገቱን ወጥተን ባሕር ዛፉን ስናልፍ ብርዱ ተቀበለን። ኮሌጁ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ይላል፤ ልጄ በሩ ላይ ጠበቀችን። ቤቱ ረጅም ነው፤ ግድግዳው ጥርብ ድንጋይ፣ መስኮቶቹ ከፍ ያሉ። ውስጡ መደርደሪያና ጠረጴዛ ሞልቶታል፤ የጠረጴዛዎቹ እግር ሥር የታጠፈ ካርቶን ተወትፏል።

ቤቱን የመረመረችው የኮሌጁ መሐንዲስ ልጅ እግር ናት። "አባባ፣ እንዲፈርስ እኔም አልፈልግም" አለች። "ግን ወለሉ ወደ አንድ ጎን ወርዷል። ፕላኑም ስላልተገኘ ምን እንደነበረ አላወቅንም።"

አባቴ የግድግዳውን ውሃ ልክ ሊያይ ጎማውን ውሃ ሞላና አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጠኝ። አንዱ ጥግ እኔ፣ ሌላው ጥግ እሱ ቆምን። አራቱንም ጥግ ስንዞር ውሃው የቆመው እኩል፣ አንድ የድንጋይ ረድፍ ላይ ነው።

"ቤት ሲሰምጥ ግድግዳውን ይዞ ነው የሚሰምጠው" አላት።

ቀጥሎ አንድ ጆግ ውሃ ወለሉ ላይ ደፋ። ውሃው በመደርደሪያዎቹ ሥር አልፎ ግድግዳው ጋ ደረሰ። እዚያ የተነጠፈውን ፕላስቲክ ሲገልጠው ከድንጋይ የተሠራ ቦይ ታየ።

"የላሞቹ ሽንት እንዲወርድ እኛው ነን ያዘነበልነው።"

"በሜትር ምን ያህል?"

"አንድ ጣት ተኩል።"

ደብተሯን ገልጣ የለካችውን አየች። ትክክል ነው። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባ። መሠረቱ ደህና ነው። አይፈርስም፤ ሪፖርቱን ዛሬውኑ አስተካክላለሁ።"

ከደስታዬ ብዛት እንባ እንባ አለኝ። እሷ ግን አልለቀቀችንም፤ የግንባታ ተማሪዎቹን ጠርታ አባቴ እንደገና እንዲያሳይ ለመነችው። ኮቱን አውልቆ ለልጄ አስያዛት። ትምህርት ቤት ገብቶ የማያውቀው አባቴ ሲናገር ተማሪዎቹ ይጽፋሉ።

"አሁን ወለሉን ሙሉት" አላቸው። "ላም ተዳፋት ላይ ቆማም ትበላለች። ሰው ግን ጠረጴዛው እየተወዛወዘ አያነብም።"

ወደ ቡራዩ፣ 9፡30

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጡ ሴትዮ ከየት እንደሚመጣ ጠየቁት።

"ከሱሉልታ ኮሌጅ።"

"የልጅ ልጅ ሊጠይቁ ሄደው ነው?"

"አይ" አለ አባቴ ኮቱን እየቆለፈ። "ላስተምር።"