ሽሪምፕ በዐቢይ ጾም

የባሕር እንስሳት ተመራማሪ ነኝ። ባሕር በሌለባት ሪያድ ሥራ እየፈለግሁ ጉበይራ በሚባል ሰፈር በደባልነት እኖራለሁ። በዐቢይ ጾም ጎረቤታችን አስቴር እያለቀሰች መጣች።

«ወንድሜ፣ ማዳሜ ሽሪምፕ ሰጥታኝ በላሁ። አንተ ተምረሃል፤ ጾሜን ገደፍኩ?»

ሙያዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለተፈለገ በጥንቃቄ መለስኩ። «ሽሪምፕ ዓሣ አይደለም። ከዓሣ ይልቅ ለበረሮ ይቀርባል። የሥጋ ዘመዶች ናቸው ብል ብዙም አልሳሳትም።»

አስቴር አፏን ይዛ አዲስ አበባ ላሉት የንስሐ አባቷ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ጣፍጦሽ ነበር?» አሉ።

«ስበላውማ ጣፍጦኝ ነበር፣ አባ። ይሄ ልጅ በረሮ ነው ካለኝ ወዲህ ግን ሊያስመልሰኝ ነው።»

አባ ፍርዳቸውን ሰጡ።

«በቃ፣ ቀኖናሽን ጨርሰሻል። የልጁን ስልክ ግን ላኪልኝ፤ ብዙ አስቸጋሪ የንስሐ ልጆች አሉብኝ።»