ነጭ ማስክ

ዛሬ ጠዋት እዚህ ሳቢያን ሰፈር ጎረቤቴ ደረጃዋን ስታጥብ የበረኪናው ሽታ በመስኮት ገባ። ሳላስበው ጣቶቼን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅኩ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ክሊኒክ ውስጥ ልብስ የምታጥበው አክስቴ የሐኪሞቹን የጨርቅ አፍ መሸፈኛ በበረኪና ታሳሸኝ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ላይ ነጠብጣብ አየችና በእርጥቡ ጨርቅ ፊቴን አጮለችኝ።

«አቦ፣ ዓይንሽ የት ነው? ይሄ ካልነጣ ሰው ትገድያለሽ!»

«ሐኪሙ አላየውም እኮ፣ አክስቴ።»

«ሲሞት ያየዋል!» ብላ ሳቀች። ጣቶቼ እስኪላጡ አሸሁ።

ባለቤቴ የአምቡላንስ ሾፌር ነበር። በወረርሽኙ ጊዜ ከመልካ ጀብዱና ከቢዮ አዋሌ በሽተኛ ሲያመላልስ ለሳምንት የሚሰጡት አንድ ነጭ ማስክ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ተቀብዬ በበረኪና አጥብለት ነበር። «እንዳንቺ የሚያነጣ የለም» ይለኝ ነበር። በሽታው ያዘው፤ በአሥረኛው ቀን ሞተ።

ለቅሶ ላይ አብራው ትሠራ የነበረች ነርስ አምቡላንሱ ውስጥ የቀረውን ማስክ አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«በረኪና በረኪና ይሸታል። ይሄ እንደ ጨርቁ አይደለም፤ እንዲህ ከታጠበ እኮ አይከላከልም። ማን ነው ያጠበለት?»

«እንጃ» አልኳት።

ማስኩ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው። አንድም ነጠብጣብ የለበትም።