የድምፅ ማጉያው እግር

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤታችን ለወላጆች ቀን ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ተዋሰ። እያንዳንዳቸው የቁም ሣጥን ግማሽ ያክላሉ፤ ከፍ አድርጎ የሚያቆማቸው ነገር ግን አልነበረም። "አባቴ በያጅ ናቸው፣ ማቆሚያውን እስከ ዓርብ ያደርሱታል" ብዬ ክፍሉ ፊት ተነሣሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ አፌ አያርፍም።

አባቴ ብየዳ የተማሩት በውትድርና ዘመናቸው፣ ጋራዥ ውስጥ ነው። የምንኖረው ጀጎል ግንብ ውስጥ በተከራየነው ቤት፣ የሚሠሩትም እዚያው ግቢ ነበር። እኔ ብረቱን እየያዝኩላቸው የመጀመሪያውን ማቆሚያ በሰው ቁመት ልክ አቆሙት። እግሮቹን ዘርግተው ለጊዜው ነጥብ ነጥብ በይደው፣ ስፋቱን በሜትር ለኩና ሳቁ።

"እሜቴ፣ ይሄ እኮ በመንገዳችን አይወጣም።"

እውነት ነው። በእኛ መንገድ ጫት የጫነች አህያ ስትመጣ ሰው ግንብ ላይ ይለጠፋል።

"እግሩን በብሎን የሚፈታ ላድርገው። ግን ከቅዳሜ ማታ በፊት አይደርስም።"

"በዓሉ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ያጥብቡትና ይውጣ፣ አባባ።"

"የሚቆመው መንገድ ላይ ነው እንዴ፣ ለመንገድ ብዬ የማጠብበው?"

ነዘነዝኳቸው። በመጨረሻ የሁለቱንም ማቆሚያ እግሮች ሰበሰቡና አንድ ነገር አስማሉኝ፦ አናቱ ከዛፍ ጋር በሽቦ ሳይታሰር ድምፅ ማጉያው እንዳይወጣበት።

ተሸካሚዎች ሲያወጡት ሐረሪዋ ጎረቤታችን ከደጃቸው ሆነው "ወላሂ፣ ይሄ የሰው መስቀያ ነው?" አሉ።

"ይቺ ልጅ ፈተና ከወደቀች የምሰቅላት እዚህ ላይ ነው" አሉ አባቴ።

ትምህርት ቤት ስንደርስ ዛፉ ከመድረኩ ኋላ ራቅ ብሎ ነበር። እዚያ ቢቆም ማን ያየዋል? የአባቴ ሥራ መሆኑን፣ ያስመጣሁትም እኔ መሆኔን ሰው እንዲያይ ፈለግሁ። ሁለቱንም ወደ ፊት አስጎተትኩ። ሽቦው አልደረሰም። ጠቅልዬ ሣር ውስጥ ጣልኩት።

በዓሉ መሐል ላይ ነፋስ ተነሣ። አንዱ ማቆሚያ ተወዛወዘና ከነሸክሙ ፊት ወንበር ላይ በተቀመጡ የአንዲት ተማሪ እናት ላይ ወደቀ። ክንዳቸው ተሰበረ።

ዳይሬክተሩ አባቴን አስጠሩ። አባቴ ብረቱን አገላብጠው ብየዳውን ሁሉ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። አንድም የተላቀቀ የለም። ቀና ብለው አዩኝ።

"ታስሮ ነበር?"

"አዎ። ሽቦው ተበጠሰ።"

ኮፍያቸውን አወለቁና ለዳይሬክተሩ "እንግዲያ ሚዛኑን የሳትኩት እኔ ነኝ" አሉ።

ሴትዮዋን ክንዳቸው እስኪድን በየእሁዱ ሄደው ጠየቋቸው። ከዚያ ወዲህ በርና የመስኮት ፍርግርግ ይሠራሉ፤ ከሰው ራስ በላይ የሚቆም ነገር ግን አይነኩም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰውዬ ለውሃ በርሜል ማማ ሊያሠራ መጣ። አባቴ ራሳቸው ሙያ ወዳስተማሩት ሌላ በያጅ ሰደዱት። "የእሱ እጅ ይታመናል" አሉት። አላስቻለኝም። ሰውዬው እንደወጣ "አባባ፣ አልታሰረም ነበር። ዋሽቼ ነው" አልኳቸው።

መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ሲጠርጉ ቆዩ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ በተገላገልኩ።

"ካልታሰረ የሚወድቅ ነገር ከእጄ መውጣት አልነበረበትም" አሉ። "ልጅ ነዘነዘኝ ብዬ እግር አጠበብኩ። አንቺማ ልጅ ነበርሽ።"

ወደ ጀመሩት ፍርግርግ ጎንበስ አሉ። ማማውን እርስዎ እንዲሠሩት ሮጬ ሰውዬውን ልመልሰው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። የብየዳ ጭምብላቸውን ፊታቸው ላይ አወረዱ።