የቤት ምላጭ

ፀጉር አስተካካዩን የሰፈሩ ሰው «ንፁህ» ነበር የሚለው። ሰፈሩ ደግሞ በስም አወጣጥ አይታማም። ሰውየው ማሽኑን በአልኮል ሳይወለውል፣ ምላጩን ሳይቀይር፣ እጁን እስከ ክርኑ ሳይታጠብ ተረኛውን ደንበኛ ና አይልም። የቸኮለ ሰው «ኧረ ቶሎ በል፣ ኦፕራሲዮን ልታደርገኝ ነው እንዴ?» ብሎ ቢያሾፍበት «ወንድሜ፣ ያለህ ቆዳ እኮ አንድ ነው» ብሎ አልኮሉን ያንቆረቁራል።

ይኼ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ከነጭ ጋዋኑ ጋር ሱቁ ውስጥ ተሰቅሎ ይቀራል። እሑድ ጠዋት ቤቱ ጢሙን ይላጭና ያንኑ ምላጭ ውሃ ብቻ ነካ አድርጎ ወደ ኩሽና ይዞት ይወጣል። እዚያ ሚስቱ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ትጠብቀዋለች። ፀጉሯን አሳጥራ ነው የምትቆረጠው፤ ማጅራቷን የሚያስተካክልላት እሱ ነው። «አልኮሉስ?» ስትለው «አንቺ ደንበኛ ነሽ እንዴ?» ይላታል። እሷም ደስ ይላታል።

እንግዲህ እውነቱን ልንገራችሁ፤ እነዚህ ባልና ሚስት «እወድሻለሁ»፣ «ናፈቅኸኝ» የሚባል ነገር አያውቁበትም። ቢሉትም አያምርባቸውም። ያላቸው እሑድ ጠዋት ነው። እሷ አንገቷን ደፋ ታደርጋለች፤ እሱ ጆሮዋን በግራ እጁ አጠፍ አድርጎ፣ የሰፈሩን ወሬ እያወራት፣ ቀስ ብሎ ይላጫታል። የትዳራቸው ማር በቃ ይቺው ናት።

አንድ ሰሞን አገጩ ሥር ትንንሽ እብጠቶች ወጡበት። የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ፣ የሚያብለጨልጩ፣ መሀላቸው ጎድጎድ ያለ። «ምላጩ ዶልዱሞ ነው» አለና ላያቸው ላይ ደጋግሞ ላጨ። አይ ሞኝነት! የሌላ ሰው ቆዳ ቢሆን ኖሮ ገና ከበሩ አይቶ «ሐኪም ሳያይህ አልነካህም» ይል ነበር። ሰንበትበት ብሎ፣ የሚስቱን ጆሮ አጠፍ ሲያደርግ፣ ያው እብጠት ማጅራቷ ላይ ፈልቶ አየ። ክው አለ።

«ምነው ቆምክ?» አለችው።

«ዛሬ ይቅር» አለና ምላጩን አስቀመጠው።

ክሊኒክ ሄዱ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ አየቻቸውና «ቫይረስ ነው» አለች። «አይዟችሁ፣ አይገድልም። ጊዜውን ጠብቆ በራሱ ይጠፋል። ግን በንክኪ ይተላለፋል። ፎጣና ምላጭ አትጋሩ፣ እብጠቱንም አትላጩት።»

ሰውየው ወዲያው «እኔ ነኝ ያስያዝኳት፤ በምላጬ» አለ። ሚስቱ ቀድማው ወደ በሩ ሄደች። ብትሰድበው በስንት ጣዕሙ!

እሱ እስኪድን ወንበሩን ለባልደረባው ለቀቀ። እሷ ግን ጨርቃ ጨርቅ መደብር ሻጭ ናት፤ በዚያ ሙቀት አንገቷን በሻርፕ ጠምጥማ ትውል ጀመር። አንድ ቀን ጨርቅ ስትዘረጋ ሻርፑ ሸርተት አለ። ገዢዋ ሴትዮ አየችና እጇን ከጨርቁ ላይ እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበች። ባለ መደብሩም «ለጊዜው መጋዘን ሁኚ» አላት። እያለቀሰች ቤቷ ገባች።

ይኼን የሰማች እናቷ ሳትውል ሳታድር መጣች። በር ላይ እንደቆመች ጀመረችው፦ «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ! ለመንገደኛው ሁሉ አልኮል ስትረጭ ትውላለህ፣ ልጄን ግን በቆሻሻ ምላጭ!»

«እውነትዎን ነው፣ እማማ» አለ አንገቱን ደፍቶ። ቅስሙ ስብር አለ።

ከዚያ በኋላማ ንፁህነቱን ከሱቅ ወደ ቤት አመጣው። ፎጣ ለየ፤ እሺ፣ እሱስ ታዟል። ብርጭቆ ለየ። ትራሱን ይዞ ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ጀመረ። «ሐኪሟ ሶፋ ላይ ተኛ አላለችህም እኮ» ብትለው «ለጥንቃቄ ነው» አላት። ጨው አቀብለኝ ስትለው እንኳ በእጇ አይሰጣትም፤ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና እጁን ይሰበስባል። እሱ ውስጡን «እኔን መንካት ዘግንኗታል» ይላል፤ እሷም በበኩሏ «እንደዚያች ገዢ ተጸየፈኝ» ትላለች። አፍ አውጥቶ የሚጠይቅ ጠፋ። ሲተዛዘኑ ሲተዛዘኑ ሆድና ጀርባ ሆነው አረፉት። እኔን ያናደደኝ ይኼ ነው፤ በሽታውስ ምን አደረገ?

በሽታውማ እንደተባለው ጠፋ። ሐኪሟ ሁለቱንም አገላብጣ አይታ «ድናችኋል» አለች። እሱ ወደ ወንበሩ፣ እሷም ከመጋዘን ወደ መደብሩ ተመለሱ። ሰውየው ግን እሑድን ነበር የሚጠብቀው። አዲስ ምላጭ ገዛ። ጠዋት ማንም ሳይነሳ ውሃ አሞቀ፣ ምላጩን በአልኮል አሸው፣ ወንበሩን ኩሽና መሀል አስቀመጠና እንደ ሙሽራ ቆሞ ጠበቀ።

ሚስቱ ለብሳ መጣች።

«ነይ፣ ላስተካክልሽ» አላት።

«ውይ...» አለችና ዞር ብላ ማጅራቷን አሳየችው። ተስተካክሏል። «እዚያ መደብሩ አጠገብ ፀጉር የምታስተካክል አንዲት ልጅ አለች። አንተ የምትፈልግ አልመሰለኝም።»

አየው። በባለሙያ ዓይን አየው፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። «ጎበዝ ናት» አለ።

እሷ ግን ፊቷን አልመለሰችም። አንገቷን ደፋ አድርጋ እንደቆመች ቆየች። እጁን አነሳ። አንስቶም «ልንካሽ?» አላት።

እንዲህ ተብሎ ሚስት ይጠየቃል? ይነካል እንጂ!

«እንደፈለግህ» አለች፤ ድምጿ ቀዘቀዘ።

እጁን መለሰው። «በይ ሥራ እንዳይረፍድብሽ» አላት፤ ቀኑ እሑድ መሆኑን ረስቶ። እሷም አላስታወሰችውም። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።