ጓሯችን ውስጥ የነበረው የጣሊያን ዩኒቨርሲቲ

ጣሊያን ሄጄ አላውቅም። ነገር ግን በሰሜን ጣሊያን የሚገኝ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍሉ በየትኛው መንገድ ላይ እንዳለ፣ ከዚያ ተነስቶ ሕክምና ጋ ለመድረስ ስንት መታጠፊያ እንደሚታለፍ በቃሌ አውቃለሁ። ወላይታ ሶዶ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ካለም ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ሶዶ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዚያ ዩኒቨርሲቲ የነጻ ትምህርት ዕድል አመለከትኩና ለቃለ መጠይቅ ታጨሁ። ቃለ መጠይቁ በኢንተርኔት ነበር። ይህን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስናገር፣ ከዓመት በፊት እዚያው ቃለ መጠይቅ ላይ የወደቀ የሒሳብ መምህር ክርኔን ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰደኝ።

“ስማ፣” አለኝ፣ “ስለ ዩኒቨርሲቲው የምታውቀውን ንገረን ይሉሃል። እኔ ‘ጥሩ ዩኒቨርሲቲ ነው’ አልኳቸው። በዚያው ቀረሁ።”

እንደሱ ላለመሆን ወሰንኩ። የዩኒቨርሲቲውን ታሪክና የካምፓሶቹን ዝርዝር ከድረ ገጹ ላይ አሳትሜ አስጠረዝኩት። የመዝሙር መጽሐፍ አክሎ ወጣ። ከሥራ ስመለስ አጠናለሁ፤ ነርስ የሆነችው ባለቤቴ ልብስ እየተኮሰች ትጠይቀኛለች።

“ማነው የመሠረተው?”

“ተማሪዎቹ።”

“ንጉሥ አይደለም? ጳጳስ አይደለም?”

“ተማሪዎቹ ራሳቸው። ድሮ አስተማሪ የሚቀጥሩት እነሱ ነበሩ። አስተማሪ ካረፈደም ይቀጡት ነበር።”

ካውያውን አቆመችና “ይሄን ተማሪዎችህ እንዳይሰሙ!” አለች።

ታሪኩ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ግቢው ነው። እኛ አገር ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ “ግቢ ገባ” እንላለን። ግቢ ማለት አጥር ነው፤ አጥሩ በር አለው፤ በሩ ላይ ዘበኛ አለ፤ ዘበኛው መታወቂያ ይጠይቃል። የጣሊያኑ ግን አንድም አጥር የለውም። ከተማው ውስጥ ተበታትኗል። አንዱ ክፍል የድሮ ገዳም ውስጥ፣ ሌላው የመኳንንት ቤት ውስጥ፣ ሌላው ከዳቦ ቤት በላይ ነው። አንዳንዱ ጭራሽ ሌላ ከተማ ነው ያለው፤ ባሕር ዳርቻ ድረስ።

ይህን ለጎረቤታችን ነገርኳቸው። እሳቸው ቅድመ አያታቸው ከሰሜን በሹመት መጥተው ሶዶ የቀሩ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በመዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ የዕድራችን ሊቀመንበር ናቸው። ነገር የሚወዱት በሥርዓቱ ነው።

“አጥር የለውም?” አሉ።

“የለውም፣ ጋሼ።”

“ዘበኛውስ የት ይቆማል?”

“ዘበኛም የለም።”

“ታዲያ ተማሪው መግባቱ በምን ይታወቃል?”

ያሳተምኩትን ወረቀት አገላበጥኩ። እዚያም አልተጻፈም። ጋሼ ተክዘው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ በራችንን አንኳኩ።

“አስቤበት ነበር፣” አሉ። “አጥር ከሌለው፣ ማንም አይባረርም ማለት ነው።” ይህን ብለው ተመለሱ።

የመንገዶቹን አቀማመጥ ከወረቀት ላይ ለመያዝ ብዙ ጣርኩ፤ አልገባልህ አለኝ። በመጨረሻ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ከቤታችን ጀርባ እንሰት አለን፤ በወላይትኛ ኡታ የምንለው። በረድፍ በረድፍ ነው የተተከለው። በየእንሰቱ ላይ ወረቀት በሲባጎ አሰርኩ። ሕግ፣ ሕክምና፣ ፍልስፍና፣ ኢኮኖሚክስ፣ ግብርና። በአቮካዶው ዛፍ ሥር ያለው ባዶ ቦታ የከተማው አደባባይ ሆነ። የባሕር ዳርቻው ካምፓስ ግን ቦታ አጣ፤ ግቢያችን እዚያ ላይ ያልቃል። አጥሩ ላይ ቆመው ይመለከቱ የነበሩት ጋሼ ነገሩ ገባቸው።

“እሱ እኔ ጋ ይሁን፣” አሉ። “የእኔ ግቢ ቢያንስ አጥር አለው።”

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት በእንሰቶቹ መካከል እመላለሳለሁ። ሕግን በቀኝ ትቼ፣ ፍልስፍና ጋ ታጥፌ፣ ኢኮኖሚክስን ዞሬ ግብርና እደርሳለሁ። ባሕር ዳርቻ ስሄድ በጋሼ በር ገብቼ “እንዴት አደሩ” እላለሁ። ባለቤቴ ጎመን ልትቀነጥስ ስትወጣ “ሕክምና ላይ ቆመሃል፤ እለፍ” ትለኛለች።

የቃለ መጠይቁ ቀን ክራባት ከሒሳብ መምህሩ ተውሼ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ስክሪኑ ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሰላም ተባባልንና፣ እንደተባለውም፣ “ስለ ዩኒቨርሲቲያችን ምን ያውቃሉ?” አሉኝ።

ነገርኳቸው። ከመሥራቾቹ ተማሪዎች ጀምሬ፣ ባረፈዱት አስተማሪዎች አልፌ፣ ሬሳ እየተከፈተ ሕክምና ይማሩበት የነበረውን ከእንጨት የተሠራ አዳራሽ አስጎብኝቼ፣ ካምፓስ በካምፓስ እየዞርኩ ባሕር ዳርቻ አደረስኳቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው አዳመጡኝ። መካከል ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ “ይህንን እኔም አላውቅም ነበር” አለች። ክራባቴ ውስጥ ልቤ ሲያብጥ ይሰማኛል።

ከዚያ ሦስተኛው ሰው ፈገግ ብሎ “በጣም ጥሩ። ምን መማር ነው የሚፈልጉት?” አለኝ።

ማመልከቻውን የሞላሁት ከብዙ ወራት በፊት ነው። እዚያ ላይ የጻፍኩት የትምህርት ዘርፍ ረጅም ስም ነበረው፤ ግን ምን እንደነበር ከአእምሮዬ ጠፋ። ያንን ሁሉ ሳጠና እሱን ማጥናት እንዳለብኝ አንድም ቀን አልታሰበኝም። በእንሰቶቹ መካከል በልቤ ሮጥኩ፤ በየበሩ አንኳኳሁ፤ የትኛው እንደሆነ አላገኘሁትም።

“ሁሉንም፣” አልኩ።

መስመሩ የተበላሸ መሰላቸውና ደግመው ጠየቁኝ። እኔም ደገምኩላቸው።

በኋላ የደረሰኝ ደብዳቤ ለዩኒቨርሲቲው ስላለኝ ፍቅር አመስግኖ፣ ዕድሉን ለሌላ ሰው መስጠታቸውን ገለጸልኝ። ሁለት ሳምንት ጓሮ አልወጣሁም። የሒሳብ መምህሩ ክራባቱን ሲቀበለኝ “እኔ እንኳ ምን ልማር እንደፈለግኩ አውቅ ነበር” አለኝ።

ግን ሶዶ ትንሽ ከተማ ናት። ጣሊያንን በቃሉ የሚያውቅ መምህር አለ ተብሎ ተወራ። የሚያመለክቱ ልጆች ይመጡ ጀመር። መውደቄን ስነግራቸው “እሱን ሰምተናል፤ ካምፓሱን ያስጠኑን” ይላሉ። ከመጡት መካከል አንዷ የድሮ ተማሪዬ ነበረች፤ ከሁምቦ። ቤታቸው ከዋናው መንገድ የራቀ ስለሆነ መጀመሪያ በጋሪ፣ ቀጥሎ በሚኒባስ ነው የምትመጣው። አባቷ ተራቁቶ የነበረውን ተራራ ዛፍ መልሰው ካለበሱት ገበሬዎች አንዱ ናቸው። እሷም የምትፈልገውን ታውቃለች፤ የአፈርና የደን ጥናት።

“ታዲያ እኔ ምን ልጨምርልሽ?” አልኳት።

“መንገዱን፣ ቲቸር። ከተማ ውስጥ እጠፋለሁ። እዚህ ሶዶም መናኸሪያው ይጠፋብኛል።”

ስለዚህ በእንሰቶቹ መካከል አስኬድኳት። “ከአደባባዩ ተነሺ። ሦስተኛው እንሰት ጋ ወደ ግራ።” ባለቤቴ በኩሽናው መስኮት ሆና ስትሳሳት ታርማታለች። ልጅቷ ቃለ መጠይቁን አለፈች፤ ዕድሉን አገኘች፤ ሄደች።

በሄደች በሳምንቷ፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት በባጃጅ እየተመለስኩ ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት።

“ቲቸር፣ ጠፋሁ።”

“አይዞሽ። ከፊትሽ ምን አለ?”

“ግንብ።”

“ጣራ ያለው የእግረኛ መንገድ ይታይሻል? እንደ በረንዳ ያለ?”

“ሁሉም መንገድ በረንዳ ነው!”

ሾፌሩን አቁምልኝ አልኩት። ከወላይታዋ ጉኑኖ የመጣ ልጅ ነው፤ አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም። “ምን ሆነ?” ሲለኝ ነገርኩት። “ለምን ሰው አይጠይቅም እሱ?” አለኝ። ልክ ነበር፤ ግን በዚያ ሰዓት ልክ መሆኑ አላማረኝም። ዓይኔን ጨፍኜ ጓሯችን ገባሁ።

“ወደ ኋላሽ ዙሪ። አደባባዩ እስኪመጣ ሂጂ። ደረስሽ? ቤተ ክርስቲያኑን በጀርባሽ አድርጊ። አሁን አቮካዶው ሥር ነሽ።”

“እሺ ቲቸር፣ አቮካዶው ሥር ነኝ።”

“ሂጂ። አንድ እንሰት። ሁለት እንሰት። ሦስተኛው ጋ ወደ ግራ።”

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። የእግሯ ኮቴ በስልኩ ይሰማል። ከኋላችን የቆመ ሚኒባስ ጥሩንባ ነፋ፤ የእኔ ሾፌር ወርዶ የሚኒባሱን ረዳት “ዝም በል፣ ጣሊያን አገር ሰው ጠፍቷል” አለው። ሚኒባሱም ዝም አለ።

“ደረስኩ!” አለች። “ትልቅ የእንጨት በር ነው! ግብርና ይላል!”

ሾፌሩ አጨበጨበ። ከሚኒባሱ ውስጥም እልልታ ሰማሁ።

ከዚያ በር ሲንኳኳ ተሰማ።

“ቲቸር… በሩ ተዘግቷል። ወረቀት ተለጥፏል።”

“ምን ይላል?”

“ተዛውረናል ይላል። ከከተማው ዳር፤ ከዚህ አውቶቡስ ይያዛል።”

ያሳተምኩት ወረቀት አሮጌ መረጃ ነበር። በዚያ ሁሉ መንገድ ወደ ባዶ ቤት ነበር የመራኋት። ፊቴ በሐፍረት ጋለ። እሷ ግን ሳቀች። “በሩን እኮ አገኘሁት፣ ቲቸር! አሁን ሰው እጠይቃለሁ” አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት፣ ግብርና የሚል ወረቀት ወደታሰረበት እንሰት ተመለከተች። ከሁሉም የደረሰ እሱ ነበር። “ተዛውሯል ከተባለ ታዲያ ቆሞ ምን ያደርጋል?” አለች። በዚያው ሳምንት ከእህቷ ጋር ነቅለው ፋቁት።

ከወራት በኋላ አንድ ጣሊያናዊ ፕሮፌሰር ሶዶ መጣ። የልጅቷ አስተማሪ ነው፤ የሁምቦን ተራራ ሊያይ ነው የመጣው፤ ሰላምታም ተሸክሞ። ቤታችን ጠራነው። እኔ ለዚያ ቀን ያላዘጋጀሁት ጥያቄ የለም። የእንጨቱ አዳራሽ ምን ምን ይሸታል? የሕጉ ቤተ መጻሕፍት በሩ ዛሬም ሁለት ነው?

ፕሮፌሰሩ አንገቱን ደፋ። “እውነቱን ለመናገር፣” አለ በእንግሊዝኛ፣ “እዚያ ገብቼ አላውቅም። ሥራዬ ከከተማው ዳር ነው። በአጠገቡ አልፋለሁ፤ መኪና ማቆሚያ ግን አይገኝም።”

ስለዚህ እኔ ነገርኩት። ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። አስተማሪ ካረፈደ ይቀጣ እንደነበር ስነግረው ሰዓቱን አየ። ከዚያ ጓሮ ወጥተን ዩኒቨርሲቲውን አስጎበኘሁት። ጋሼ በአጥራቸው ላይ ሆነው፣ በእኔ አስተርጓሚነት፣ የባሕር ዳርቻው ካምፓስ ደህና መሆኑን አረጋገጡለት።

“የእኔስ ክፍል የቱ ነው?” አለ ፕሮፌሰሩ።

ባለቤቴና እኔ ተያየን። ከእንሰቱ ቆጮ የተሠራው ሙቹዋ ቅቤና አይብ ተደርጎበት ጠረጴዛው ላይ ቀርቦለት ነበር፤ ሁለት ጊዜም ጨምሯል።

“ንገረው እንጂ፣” አለችኝ።

“እርስዎ አሁን የበሉት እሱን ነው፣” አልኩት።

እንሰቱ የተነቀለበትን ባዶ ቦታ አየ። ከዚያ እንባው እስኪፈስ ሳቀና ቤት ተመልሶ ሦስተኛ ጊዜ ጨመረ።

በማግስቱ አብሬው ሁምቦ ወረድኩ። የልጅቷ አባት በወላይትኛ ይናገራሉ፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። ስለ ትምህርቷ ምንም አልጠየቁም። ፕሮፌሰሩ በስልኩ ላይ ፎቶዋን ሲያሳያቸው፣ ከጀርባዋ ያለውን ጫካ በጣታቸው ነኩ።

“ይሄን ማን ተከለው?”

“አላውቅም፣” አለ ፕሮፌሰሩ።

አባትየው እኔ አሳስቼ የተረጎምኩ መሰላቸው። ደግሜ ጠይቄ፣ ያንኑ መልስ መለስኩላቸው። በጣም አዘኑለት። ከዚያ ከዘራቸውን አነሱና በዚያ ሐሩር ተራራውን አወጡን። በየዛፉ ሥር እየቆሙ ማን እንደጠበቀው፣ ማን ከፍየል እንዳስጣለው፣ በማን ሠርግ ዓመት እንዳቆጠቆጠ ነገሩት። እኔ አፌ እስኪደርቅ ድረስ ተረጎምኩ። ፕሮፌሰሩ ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ ጫማው አቧራ ሞልቶ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ ይጽፋል። ስንወርድ ደብተሩ አልቆ እጁ ላይ መጻፍ ጀምሮ ነበር።

ሊለየን ሲል አባትየው ለልጃቸው የሚያደርሰው አንድ ብልቃጥ ዳጣ ለፕሮፌሰሩ ሰጡት፤ ያ አረንጓዴ፣ ዓይን የሚያስለቅሰው የቃሪያ ድልህ። በሁለት እጁ ተቀብሎ ሻንጣው ውስጥ በጃኬቶቹ መካከል ሸጎጠው።

ልጅቷ አሁን ልትመረቅ ትንሽ ቀርቷታል። እኔ ዛሬም ሶዶ ነኝ፤ ዛሬም አስጠናለሁ፤ ግን የሚመጣውን ልጅ ሁሉ ጓሮ ሳላስገባ መጀመሪያ “ምን መማር ትፈልጋለህ?” እለዋለሁ። ያኔ ፕሮፌሰሩ አገሩ በገባ በሁለተኛው ቀን መልእክቷ ደረሰኝ። “ቲቸር፣ ለአባቴ ይንገሩልኝ፤ ዳጣው ደርሷል። ግማሽ ነው። ፕሮፌሰሩ ይቅርታ ጠይቋል።”